የሊንክ ዕቁብ

እኛ ብቻችንን የምንሠራው ነገር ጥቂት ነው። ስንሞት በእድር፣ ስናጠራቅም በዕቁብ፣ ስንዘክር በማኅበር፣ ስንጣላ እንኳ ሽማግሌ ጨምረን ነው። ብቻውን ሲበላ የተገኘ ሰው ለሰፈር ወሬ አንድ ክረምት ይበቃል፤ “ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” የሚለውን ተረት የማያውቅ ተማሪም እስካሁን አላጋጠመኝም። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ንባብ ላይ ስንደርስ ምን ነክቶን ነው ፊታችንን ወደ ግድግዳ የምናዞረው? ጥሩ ጽሑፍ ያገኘ ሰው፣ በተለይ ተማሪ ከሆነ፣ በተለይ ደግሞ የማስተርስ ተማሪ ከሆነ፣ ያገኘውን እንደ ፈተና መልስ በክንዱ ይሸፍናል። ብቻውን ያነበበ ምን እንደሚሆን ተረቱ አይነግረንም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ያገኘውን መልሶ ያጣዋል።

እንዴት እንደሚያጣው ላስረዳችሁ። ተመልሼ ተማሪ የሆንኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። በሥራ ቀናት ጉለሌ ውስጥ ዳገት ላይ በተሠራ አንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እኔው ወንበር ላይ ተቀምጬ የማኅበረሰብ ጥናት እማራለሁ። ለጥናቴ የሚሆን ነገር ኢንተርኔት ላይ ባገኘሁ ቁጥር የስልኬን ገጽ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ ካልሆነም በቴሌግራም ለራሴው እልከዋለሁ። ለራሳችሁ መልእክት ልካችሁ ታውቃላችሁ? ተቀባዩ አያነብም! ስፈልገው ጽሑፉ ከልጄ የልደት ፎቶ፣ ከተሰበረው የቧንቧ ቆጣሪና ከአንዲት ዘመዳችን የክርስትና ጥሪ መካከል ተሸሽጎ፣ ግማሹ ተቆርጦ ይገኛል። ማን ጻፈው? አይታወቅም። የት ወጣ? እግዜር ይወቅ። አማካሪ መምህራችን ደግሞ “እግዜር ይወቅ”ን እንደ ዋቢ አይቀበሉም።

ከዚህ ያወጣችን ሰሚራ ናት። ሰሚራ የክፍል ጓደኛዬና እኩያዬ ናት፤ ቤተሰቦቿ አዲሱ ገበያ ላይ የመጋረጃ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ እሷም ያደገችው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። የመጋረጃ ዲዛይን ከዓለም ዙሪያ የምታጠራቅምበት አንድ ድረ ገጽ አላት። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያ ይሆንብኛል። ደስ ያላትን ገጽ አንድ ጊዜ ትነካዋለች፣ ይቀመጥላታል። ከሥሩ ደግሞ መለያ ትጽፍበታለች፤ “ሳሎን”፣ “አበባ”፣ “ለሙሽራ”፣ “ሀብታም ነኝ ለሚል”። በኋላ መለያውን ስትነካው በዚያ ስም ያስቀመጠችው ሁሉ ተሰልፎ ይወጣል። የእሷ ብቻ አይምሰላችሁ። በዚያው ስም ሌላ ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ ያስቀመጠውም አብሮ ይወጣል።

“ለመጋረጃ የሠራ ለጥናት የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ?” አለችን አንድ ቀን ጥቂት የክፍል ጓደኞች አብረን ከትምህርት ስንወጣ።

ከሁላችንም በላይ የተደነቁት ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ጋሽ ታደሰ የክፍላችን ታላቅ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ጡረታቸው ደጃፍ ላይ ደርሷል፤ በልጅነታቸው ዲቁና ተምረዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሰሚራን ስልክ እንደ ጽዋ በሁለት እጃቸው ያዙት።

“ይኼማ እልባት ነው” አሉ። “በብራና መጽሐፍ ጠርዝ ላይ ቀይና አረንጓዴ ክር ይሰፋል። ቄሱ ክሩን ይዘው ሲገልጡት የዕለቱን ንባብ ያገኙታል። ታዲያ አሁን እኔ እዚህ ሆኜ ክሩን ስስበው፣ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር ያስቀመጠው መጽሐፍ ይገለጥልኛል ማለት ነው?”

“አዎ ጋሽዬ።”

“ሰውዬው ሳይቆጣ?”

“ደስ እያለው!”

ጋሽ ታደሰ ስልኩን ቀስ ብለው መለሱላትና እጃቸውን ኮታቸው ላይ ጠረጉ። ምናልባት ልማድ ይሆናል። ለእኔ ግን ቅዱስ ነገር ነክቶ የተመለሰ ሰው መሰሉኝ።

ዕቁቡ የማን ሐሳብ እንደነበር ዛሬ ሁላችንም የየራሳችን እናደርገዋለን። ብቻ በአገር ደንብ ተመሠረተ። በየሳምንቱ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ጥናት በዚያ ሳምንት የሁላችንም ጥናት ይሆናል። ሁላችንም ለእሱ እንፈልጋለን፣ ያገኘነውን ድረ ገጹ ላይ በከፈትነው የጋራ ስብስብ ውስጥ እናስቀምጣለን፣ ከሥሩም ለምን እንደሚጠቅም አንድ ዓረፍተ ነገር እንጽፋለን። ሳያነብ ያስቀመጠ ለማኅበሩ ሳምቡሳ ይገዛል። ዳኛዋ ሰሚራ፣ መሰብሰቢያው የሰሚራ ሱቅ ጓዳ፣ ወንበሩ ያልተፈታ የመጋረጃ ጥቅል ሆነ። የዕጣው ወረቀት የሚታሸው በጋሽ ታደሰ ባርኔጣ ነው።

እኔ ስብስቡ ይቆለፍ አልኩ። “ሰው ጥናታችንን ይሰርቀናል።”

“ቲቸር” አለች ሰሚራ፤ ልትቀልድብኝ ስትፈልግ የምትጠራኝ እንዲህ ነው፤ “ለመሆኑ ምን አለንና ነው የሚሰርቁን? ሌባም እኮ ቤት ይመርጣል።”

ሳቁብኝ። በሩ ክፍት ቀረ። የፈለገ እንዲያይ፣ የፈለገ እንዲያስቀምጥ።

የመጀመሪያው ዕጣ ለእኔ ወጣ። ዕቁብ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ደስታና የሰው ዓይን አንድ ላይ ነው የሚሰማው። ጥናቴ ተማሪዎች ለምን አርፍደው እንደሚመጡ ነው። ይህን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ ያረፈደውን የማስቀረው እኔ ነኝ። እስከዚያ ድረስ ላገኘኋቸው ጽሑፎች የሰጠኋቸው መለያዎችም የበር ጠባቂ መለያዎች ነበሩ፤ “ማርፈድ”፣ “ሥነ ሥርዓት”፣ “ቸልተኝነት”።

ሳምንቱ ሲጋመስ ስብስቡን ከፈትኩት። እኔ “ቸልተኝነት” ብዬ ያስቀመጥኩትን አንድ ጽሑፍ ሰሚራ አንብባው ሌላ መለያ ጨምራበታለች፤ “ታናሽ እህት”። ጋሽ ታደሰ ደግሞ “ዳገት” ብለውታል። ገጹ ያው ነው፣ ቃሉም ያው። እንደገና አነበብኩት። ለካ ጽሑፉ ውስጥ ታናሽ እህቷን አዝላ መዋያ አድርሳ ወደ ትምህርት ቤት የምትሮጥ ልጅ አለች። ለካ ዳገትም አለ። እኔ ያንን የትምህርት ቤታችንን ዳገት በታክሲ ስለምወጣው ዳገት መሆኑን ረስቼዋለሁ።

“ዳገት” የሚለውን መለያ ነካሁት። በሕይወቴ የማላገኛቸው ሰዎች በዚያች ቃል ያስቀመጡት ሁሉ ተከፈተልኝ። አንዱ ስለ አረጋውያን የጉልበት ሕመም፣ አንዱ ስለ መንገድ ሥራ፣ አንዷ ጠዋት እንጦጦ ላይ ስለሚሮጡ ሰዎች፣ ሌላዋ ውሃ ተሸክመው ስለሚወጡ ሴቶች። አንዲት ቃል ይህን ያህል በር አላት? እነዚህ ሰዎች ሁሉ አንዳቸው ሌላውን ሳያውቁ አንድ ዳገት ሲወጡ ኖረዋል? ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ አየሁት። ልጄ “እማዬ፣ ተበላሸብሽ እንዴ?” አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት!

በማግሥቱ በሩ ላይ ስቆም ዓይኔ ከሰዓቴ ይልቅ ወደ ልጆቹ ጫማ ይሄድ ጀመር። ከዚያ ወዲህ በር መዝጋት አልቀለለኝም። ሕሊና ክፉ ጎረቤት ነው፤ አንዴ ካስገባችሁት ዕቃ ሊዋስ ይመላለሳል።

ዕጣው ዞሮ ዞሮ መጨረሻ ላይ ጋሽ ታደሰ ጋ ደረሰ።

የጋሽ ታደሰ ርእስ የእድር ጡሩንባ ነው። በስልክ ዘመን ለተወለዳችሁ ልንገራችሁ፤ ድሮ በሰፈራችን ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በየመንደሩ እየዞረ ይነፋ ነበር፤ ከዚያ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ በታላቅ ድምፅ ይናገራል። የሰማ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ዛሬ ብዙው እድር በስልክ መልእክት ያስታውቃል። የጋሽ ታደሰ እናት ባለፈው ዓመት ሲያርፉም እንዲሁ ሆነ።

“እናቴ በቴክስት ተቀበረች” አሉን ጋሽ ታደሰ፣ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሽከረከሩ። “ዕድሜዋን ሙሉ የእድር አባል ነበረች። ስልክ ያለው መጣ፤ የሌለው ቀረ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ጓደኛዋ፣ እትዬ በለጡ፣ ከተቀበረች በኋላ ከጓሯቸው ጎመን ቀንጥሰው ይዘው መጡ። ‘ምነው ጠፋችብኝ?’ ብለው። ጎመኑን ከእጃቸው ተቀብዬ... እ... ምን ልበላቸው?”

ሰሚራ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ የታጠፈ ጨርቅ ፈትታ እንደገና አጠፈች።

እንግዲህ ሰውዬው የፈለጉት ማን እንደተጠራ ሳይሆን አንድ ሰፈር እንዴት ይጠራ እንደነበር መጻፍ ነው። አማካሪያችን ግን ወጣት ዶክተር ናቸው፤ ድምፃቸው እንደ ጥጥ ነው፣ ውሳኔያቸው እንደ ማገር። “ርእሱ ቆንጆ ነው ጋሽ ታደሰ፤ ግን የተጻፈ ነገር የለውም። እስከ ቅዳሜ ጥቂት ዋቢ እንኳ ካላመጡ ይቀይሩት። ለምሳሌ ስለ ደንበኞች እርካታ ቢሠሩ...” አሏቸው። በዚህ ከተማ ስለ ደንበኞች እርካታ የተጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ቢደረደር ከአዲሱ ገበያ እስከ እንጦጦ ማርያም ደረጃ ይወጣው ነበር። የረካ ደንበኛ ግን እስካሁን አላየሁም።

ለጋሽ ታደሰ ሌላ ዓመት የለም። ጡረታው ከመጣ በኋላ ልጆቻቸው ጋ ወደ ክፍለ ሀገር ሊገቡ ተስማምተዋል። ወይ ጡሩንባው፣ ወይ የደንበኞች እርካታ።

እኔ ቀድሞ የደረሰኝ ሰው ነኝና ያን ሳምንት እንደ ባለዕዳ ሠራሁ። “ጡሩንባ” ብዬ ጻፍኩ። የሠርግ ባንድ መጣ። እንደገና ብጽፍ ለከባድ መኪና የሚሆን፣ ሰፈር የሚያናውጥ ጡሩንባ የሚሸጥ ሰው መጣ። በእንግሊዝኛ ፈለግኩ፣ ስለ እድር ብዙ አገኘሁ፣ ስለ እድር ጡሩንባ ግን አንድ መሥመር ወጥቶ መልሶ ይጠፋል። ረቡዕ ሲደርስ እጄ ባዶ ነበር። ባዶ እጅ ለቅሶ ቤት መሄድ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። በፈረንጅ አገር ስለ ቤተ ክርስቲያን ደወል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አስቀመጥኩና መለያ ልሰጠው ስል ቃል አጣሁ። ጣቴ ሌላ ቃል ለመጻፍ እምቢ አለ። “ይቅርታ” ብዬ ጻፍኩበት።

ከዚያ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ መለያውን ነካሁት።

ለካ ብቻዬን አይደለሁም! ሰሚራ መርከቦች በጭጋግ ስለሚነፉት ቀንድ አስቀምጣ፣ መለያው “ይቅርታ”። ሌላው ጓደኛችን ስለ እሳት አደጋ ደወል፣ “ይቅርታ”። ማናችንም ለማናችንም ሳንነግር፣ በየቤታችን ተደብቀን፣ ሁላችንም አንዲቱን ቃል ነው ያነሣነው። አልሳቅኩም። የበደል ያህል ሰውን የሚያገናኝ ነገር የለም ማለት ነው?

በማግሥቱ ሱቁ ጓዳ ተገናኘን። ጋሽ ታደሰ ስብስቡን አይተውት ኖሯል።

“እናንተ ልጆች” አሉ ፈገግ እያሉ፣ “ይቅርታችሁ በዝቷል። ጡሩንባዬ ግን የለም። በቃ፣ ደንበኞቹን ላርካቸው።”

ሰሚራ ከተቀመጠችበት ተነሣች። “እንዴ! የጠፋ ነገር እኮ በሹክሹክታ አይፈለግም” አለች። ስብስቡ ላይ የሚታየውን የማብራሪያ ቦታ ከፈተች፤ እኔ “የማኅበረሰብ ተግባቦት ባህላዊ መሣሪያዎችን የሚመለከቱ ምንጮች” ብዬ በጥንቃቄ የጻፍኩበት ቦታ ነው። ያንን አጠፋችና ጮክ ብላ እያነበበች ጻፈች።

“ያልሰማህ ስማ! ጡሩንባ ጠፍቶብናል። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሰው ስለ እድር ጡሩንባ የተጻፈ፣ የተቀዳ፣ በፎቶ የተነሣ ይፈልጋሉ። ያለው እዚህ ያስቀምጥ። የሌለው ላለው ይንገር። የሰማህ ላልሰማ አሰማ!”

“ሰሚራ፣ ይኼ እኮ የትምህርት ነገር ነው!” አልኩ።

“እሺ ቲቸር፣ አንቺ በሩን ዝጊው።”

የነካችው የትኛውን በር እንደሆነ እሷ አታውቅም።

አርብ ከክፍል ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ስብስቡ ውስጥ ከማናችንም ያልመጣ አንድ ገጽ ተቀምጧል። ያስቀመጠው ሰው ራሱን “ጎረቤት” ብሎ ሰይሟል። የአንድ እድር የቆየ መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ አንድ ሰው የአባቱን ወረቀቶች ፎቶ እያነሣ የሚያወጣበት ገጽ ላይ የነበረ። ስለ ጡሩንባ ነፊው ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ዝናብ ቢዘንብም ይወጣል። ለሀብታምና ለድኻ እኩል ይነፋል። መጨረሻው ላይ ደግሞ “ጡሩንባው የእድሩ ንብረት ስለሆነ ለሠርግ አይሰጥም” ይላል። ደረጃው ላይ ቆሜ በሳቅ ፈረስኩ፤ ከዚያ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የትኛው ጉድ ሆኖ ይሆን ያቺ ዓረፍተ ነገር የተጻፈችው?

ወደ ቤት እስክደርስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ገጹ እየበዛ ሲሄድ አየሁ። አንዷ ከመስኮቷ ሆና የቀዳችውን የጡሩንባ ድምፅ አስቀመጠች፤ ከኋላው ውሻ ይጮኻል። አንዱ የሬዲዮ ጨዋታ፣ አንዱ ከሌላ ከተማ ያልታተመ የተማሪ ጽሑፍ። ሌላ ሰው ደግሞ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ገጽ አመጣ፤ ማሽኑ እንደ ነገሩ ሲተረጉምልን፣ ስሙን ሰምቼው በማላውቅ ተራራማ መንደር ሰው ሲሞት ቀንድ እንደሚነፋ ይናገራል። ከሥሩ የጻፈው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፦ “እኛም እንዲሁ ነን።”

እኛም እንዲሁ ነን! አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ “ምን አጋጠመሽ ልጄ?” አሉኝ። “ሰው መጣ” አልኳቸው። እውነቴን ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ሰው በሩ ተከፍቶ ሰፈሩ ሲገባ እንደሚሰማው ተሰማኝ። የተጎሳቆለች አንዲት ስልክ፣ መሥመር የሚቆራረጥባት፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ የት ይዛው ኖራለች? ዝጉት ብዬ እኮ ነበር።

ቅዳሜ ጋሽ ታደሰ ስልኩን አማካሪያችን ፊት አስቀመጡት። ዶክተሩ አንዱን ገጽ ከፈቱ፣ ሌላውን ከፈቱ፣ የውሻውን ጩኸት ሰሙ። የደንቡ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ግን ዶክተር ናቸውና አልሳቁም።

“ይህን ሁሉ ማን ሰበሰበው?” አሉ።

“እድሩ” አሉ ጋሽ ታደሰ።

“እስቲ... ላየው” ብለው ስልኩን መለሱ። እሺም እንቢም የለም። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ፤ ከኋላቸው እኛ፣ እንደ ቀብር ሸኚ።

መልሱ የመጣው ሰኞ ነው፤ እሱም በደብዳቤ አልነበረም። ስብስቡ ውስጥ አዲስ ገጽ ተቀምጧል፤ በአንድ የምርምር መጽሔት የወጣ፣ ሰፈሮች ሞትን በድምፅ ስለሚያውጁበት ሥርዓት የሚያትት ጽሑፍ። እኛ ብንፈልገው የማናገኘው ዓይነት ነው። ከሥሩ “ለመነሻ ይሆናል፤ ርእሱ ይቀጥል” ይላል። ያስቀመጠው ሰው አማካሪያችን ናቸው፤ ከስማቸው ፊት ግን “ዶክተር” የሚለው አልነበረም። መለያዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ “ጡሩንባ”። ሁለተኛው “ይቅርታ”።

“እንግዲህ አባል ሆኑ” አለች ሰሚራ። “ሳያነቡ ያስቀመጡት ከሆነ ሳምቡሳው አይቀርላቸውም።”

ጋሽ ታደሰ አሁን ይጽፋሉ። ዕቁቡም ሁለተኛ ዙር ገብቷል። እኔ ጠዋት በሩ ላይ እቆማለሁ፤ እንደ ወትሮው ልዘጋ እጄን እሰድና ዳገቱን ቁልቁል አያለሁ፤ እየሮጠ የሚመጣ ካለ እጠብቀዋለሁ። ርእሰ መምህሩ ይህን አልወደዱትም። “ይቅርታ” የሚለውን መለያም አንዳንዴ ከፈት አድርጌ አየዋለሁ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳልሞ ማለፍ ነው። የማላውቃቸው ሰዎች የየራሳቸውን ነገር እየጨመሩበት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ወሬው የጋሽ ታደሰ ሰፈር እድር ጆሮ ገባና ኮሚቴው ጡሩንባውን ስለ መመለስ የሚነጋገር ስብሰባ ጠራ። የክብር ተጋባዥና ዋና አስረጂ፣ ጋሽ ታደሰ። ጥሪው እንደተለመደው በስልክ መልእክት ተላከ። ጋሽ ታደሰ ያን ዕለት ቤተ መጻሕፍት ገብተው ስልካቸውን አጥፍተው ስለ ጡሩንባ ሲያነቡ ዋሉ።

ስለዚህ ስለ ጡሩንባው የተጠራው ስብሰባ ጡሩንባ ባለመነፋቱ አመለጣቸው።

በማግሥቱ እትዬ በለጡ ወንዙን ተሻግረው፣ ጎመናቸውን ታቅፈው ጋሽ ታደሰ በር ላይ ደረሱ።

“ምነው ትናንት ጠፋህብን ልጄ?”

“እርስዎ ስብሰባው ላይ ነበሩ?” አሉ ጋሽ ታደሰ ደንግጠው። “ስልክ የለዎት! ማን ነገረዎት?”

አሮጊቷ በልጅ ጥያቄ እንደተገረሙ ሁሉ አዩአቸው።

“የሰማ ሰው ነዋ!”